የጠቅላላ ዕውቀት ምሽት ሳሰናዳ የተማርኩት

ለወዳጆቼ የጠቅላላ ዕውቀት ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሰናዳሁበት ምሽት ሰማንያ ጥያቄዎች ይዤ ነበር የቀረብኩት፤ ሠላሳኛው ላይ ስደርስ ግን ከእኔ በቀር ልቡ ጨዋታው ላይ የቀረ ሰው አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የተሰበሰቡት ዐሥራ አንድ ሰዎች ሲሆኑ ሁሉም ለየብቻቸው ይጫወቱ ነበር። ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ እጃቸውን የሚያወጡ ሁለት ፈጣኖች መልሱን እየነጠቁ ሲወስዱ፣ የቀሩት ዘጠኙ መጀመሪያ ላይ በፈገግታ፣ ቀጥሎ በዝምታ፣ በመጨረሻም ስልካቸውን በመነካካት አመሹ። ከሁለቱ ፈጣኖች አንዱ ሲያሸንፍ ከልቡ ያጨበጨበለት ተፎካካሪው ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጥያቄዎቼን መልሼ ሳነብ ጥፋቱ የተጋባዦቹ እንዳልሆነ ገባኝ። አብዛኞቹን የመረጥኳቸው እኔ ራሴ አንብቤ ስለተደነቅኩባቸው ነበር፤ በሌላ አነጋገር እኔ የማውቀውን የሚያሳዩ እንጂ እነርሱን የሚያነጋግሩ አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉ ምሽቶችን ለስድስት ዓመታት ያህል ስመራ ቆይቻለሁ፤ ተመሳሳይ ነገር ለማሰናዳት ለሚያስብ ሰው ይጠቅማሉ ያልኳቸውን፣ የተሳሳትኩባቸውን ጭምር፣ እዚህ አሰፍራለሁ።

በሁለተኛው ምሽት በቅድሚያ ያስቀረሁት እጅ ማውጣትን ነበር። ሰዎቹን ሦስት ወይም አራት አባላት ባሏቸው ቡድኖች ከፋፍዬ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ብቻ ሰጥቼ፣ መልሱን ተመካክረው እንዲጽፉ አደረግሁ። እስክሪብቶው አንድ መሆኑ ሆን ተብሎ ነው፤ ሁለት ከሆነ ሁለት ጸሐፊ ይኖራል፣ አንድ ሲሆን ግን መልሱ ወረቀት ላይ ከመስፈሩ በፊት ሁሉም ሳይነጋገርበት አያልፍም። ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች አብረው መሰለፍ ይወዳሉ፤ እኔ ግን በዕጣ መደልደልን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም በደንብ የሚተዋወቁ ሰዎች ከመካከላቸው ማን አዋቂ እንደሆነ አስቀድመው ስለወሰኑ ለእርሱ ትተውለት ዝም ይላሉ። ስድስት ሰው ባለበት ቡድን ሁለቱ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ፤ ሁለት ሰው ብቻ ባለበት ደግሞ ሁለቱም ስፖርት የማይከታተሉ ከሆኑ የስፖርቱ ዙር ሙሉ በሙሉ ያልፍባቸዋል። የጥያቄዎቹንም ብዛት በግማሽ ቀነስኩት፦ አምስት ዙር፣ በየዙሩ ስምንት ጥያቄ፣ በየመሀሉ አጭር ዕረፍት። አርባ ጥያቄ ከእርማቱና ከክርክሩ ጋር ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ጨዋታው ወደ ፈተና ይለወጣል።

ዋናው ሥራ ግን ጥያቄው ራሱ ነው። በመጀመሪያው ምሽት ካቀረብኳቸው አንዱ «የአዋቂ ሰው አጥንት ስንት ነው?» የሚል ነበር። መልሱ 206 እንደሆነ ከትምህርት ቤት የሚያስታውስ ሰው ወዲያው ይጽፋል፣ የማያስታውስ ደግሞ የሚያስብበት መንገድ የለውም፤ ስለዚህ ጥያቄው በሁለት ሰኮንድ ያበቃል። በሌላ ጊዜ ይህንኑ ዕውቀት ገልብጬ እንዲህ ስል ጠየቅሁ፦ «የአዋቂ ሰው አካል 206 አጥንቶች አሉት። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚገኙት በየትኞቹ ሁለት የአካል ክፍሎች ነው?» ጥያቄውን አንብቤ ቀና ስል በአራቱም ጠረጴዛ ዙሪያ ያሉት ሰዎች የራሳቸውን ጣትና የእጅ አንጓ እየዳበሱ ነበር። አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ የእግር ጣቶቿን አንጓዎች መቁጠር ጀመረች። መልሱ እጆችና እግሮች ነው፤ ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ በአንዱ እጅ 27፣ በአንዱ እግር 26፣ በድምሩ 106 አጥንቶች። ሦስት ቡድኖች አገኙት፤ ያላገኘው አራተኛው «ጎድን» ብሎ ጽፎ ስለነበር መልሱ ሲነገር በራሳቸው ከሁሉም በላይ የሳቁት እነርሱ ነበሩ። የተሳሳተው ሰው «እንዴት አላሰብኩትም!» ብሎ ጭንቅላቱን እንዲይዝ የሚያደርግ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ «ይህን ማን ያውቃል?» የሚያሰኘው ግን ከነአካቴው ባይጠየቅ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ በደብተሬ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን ስንት ቡድን እንዳገኘው መመዝገብ ጀመርኩ። ይህ ልማድ ከማንኛውም ምክር የበለጠ ጠቅሞኛል። ሁሉም ቡድን ያገኘውና ማንም ያላገኘው ጥያቄ ነጥብ አይለይም፤ ቢሆንም ሁለቱን እኩል አላያቸውም። ሁሉም የሚያገኙት አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ በየዙሩ መክፈቻ ላይ ቢኖር ሰው ይደፋፈራል፤ ማንም የማያገኘው ግን ዝምታ ብቻ ነው የሚያተርፈው። አሁን ከስምንቱ ጥያቄ ሁለቱን ቀላል፣ አምስቱን ግማሽ ያህሉ ቡድን እንደሚያገኛቸው የምገምታቸው፣ አንዱን ብቻ ከበድ ያለ አደርጋለሁ። ግምቴ ብዙ ጊዜ ይስታል፤ አዘጋጁ መልሱን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ጥያቄው ሁሌም ከእውነተኛ ክብደቱ ቀሎ ይታየዋልና።

ካርታ ወይም የጊዜ መስመር በአእምሮ የሚያሥሉ ጥያቄዎች ለቡድን ውይይት የሚመች ነገር አላቸው። ለምሳሌ «ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ በፓናማ ቦይ ወደ ፓስፊክ የሚያልፍ መርከብ ሲወጣ ከገባበት ቦታ ወደ ምሥራቅ ነው ወይስ ወደ ምዕራብ የሚገኘው?» የሚለውን ባቀረብኩበት ምሽት አንድ ተጫዋች በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ሁለቱን አሜሪካዎች ሥሎ፣ መሀሉን በቀጭኑ አገናኝቶ፣ «ፓስፊክ በምዕራብ ነው፤ ጥያቄው ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ግን ለምን ይጠየቃል?» እያለ ሲጨነቅ ነበር። ጥርጣሬው ትክክል ነበር። መሬቱ እዚያ ላይ ስለሚጠማዘዝ ቦይው ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሄዳል፤ የፓስፊኩ በር ከአትላንቲኩ በር በስተምሥራቅ ነው። በዘመን ረገድ ደግሞ የምወደው ስለ ክሊዮፓትራ ነው፦ የኖረችበት ዘመን የጊዛ ታላቁ ፒራሚድ ለተሠራበት ይቀርባል ወይስ ሰው ጨረቃን ለረገጠበት? ፒራሚዱ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2560 ዓመት ገደማ የተሠራ ሲሆን ክሊዮፓትራ የሞተችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ30 ነው፤ በመካከሉ ወደ 2,500 ዓመት አለ። ከእርሷ ሞት እስከ ጨረቃ ያለው ጊዜ ግን 2,000 ዓመት አይሞላም። ይህን ሲሰሙ የማይከራከሩ ሰዎች እስካሁን አላጋጠሙኝም።

አሁን ወደ ስህተቶቼ ልምጣ። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ «በዓለም ትልቁ በረሃ ማን ይባላል?» ብዬ ጠይቄ ሰሃራ የሚለውን ብቻ የተቀበልኩበት ነው። አንድ ቡድን አንታርክቲካ ብሎ ጽፎ ነበር፤ ከነሳቄ ሰረዝኩባቸው። ከመካከላቸው አንዱ ሳይቆጣ፣ በረሃ የሚባለው በሙቀቱ ሳይሆን በሚያገኘው የዝናብና የበረዶ መጠን ማነስ መሆኑን አስረዳኝ። እውነት ነበረው። አንታርክቲካ ወደ 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሰሃራ ደግሞ ወደ 9 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋሉ፤ በዚህ መለኪያ ክርክር የለውም። ነገሩን ሳስበው ግን የጥያቄው ችግር ከእኔ አለማወቅም ያለፈ ነው። በአማርኛ «በረሃ» ስንል የሚታየን ሐሩር፣ ንዳድና አሸዋ ነው፤ በረዶ የለበሰ ምድርን በረሃ ብሎ የሚጠራ ተናጋሪ የለም። ስለዚህ ሳይንሱን የሚያውቀውም ቋንቋውን የሚያውቀውም የየራሱ ትክክለኛ መልስ አለው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ ዳኛ መሆን አይቻልም። ዛሬ «ከሞቃታማ በረሃዎች ትልቁ» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ወይም ትርጉሙን ራሱ ጥያቄ አደርገዋለሁ።

አሻሚነቱ በአንዲት ቃል መጨመር የሚወገድ ሲሆን ያችን ቃል መንፈግ አያስፈልግም። «ረጅሙ ተራራ» ሲባል ኤቨረስት ነው የሚል ሁሉ ልክ የሚሆነው «ከባሕር ወለል በላይ» ከተባለ ብቻ ነው፤ ከፍታው 8,849 ሜትር ነው። ከውቅያኖስ ሥር ካለው መሠረቱ ጀምሮ ከተለካ የሃዋይው ማውና ኬያ ከ10,000 ሜትር በላይ ይሆናል፤ ከምድር መካከል ከተለካ ደግሞ ምድር በወገቧ ስለምትሰፋ ሩቁ ጫፍ የኢኳዶሩ ቺምቦራሶ ነው። «በዓለም ስንት አገሮች አሉ?» የሚለውም እንዲሁ የሚያጣላ ነው፤ «የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች ስንት ናቸው?» ከተባለ ግን 193 ብሎ ማረፍ ይቻላል። በየቦታው የሚደጋገመው «በቬነስ ላይ አንድ ቀን ከአንድ ዓመት ይረዝማል» የሚለው አባባልም በጥንቃቄ ካልተነገረ ወጥመድ ነው። ቬነስ በዛቢያዋ ላይ አንድ ጊዜ ለመሽከርከር 243 የምድር ቀናት፣ ፀሐይን ለመዞር ደግሞ 225 ገደማ ይፈጅባታል፤ በዚህ በኩል አባባሉ ልክ ነው። ነገር ግን «ቀን» ማለት ከአንዱ የፀሐይ መውጣት እስከ ቀጣዩ ከሆነ፣ ፕላኔቷ የምትሽከረከረው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ፣ በቬነስ ላይ ያለው ጊዜ ወደ 117 የምድር ቀናት ዝቅ ይላል። ስለዚህ «ቀን» የሚለውን ትቼ «በዛቢያዋ ላይ አንድ ዙር» እላለሁ።

መልስን በሁለት ምንጭ ማረጋገጥ የታወቀ ምክር ነው፤ ሁለቱ ምንጮች አንዱ ከሌላው የቀዱ ከሆኑ ግን ያለው ምንጭ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከጨዋታው ታሪክ የማይረሳኝ አንድ ነገር አለ። ትሪቪያል ፐርሱት የተባለው የሰሌዳ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1979 በሁለት ካናዳውያን ተጠንስሶ በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ለገበያ የበቃ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ፍሬድ ዎርዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሳተመው የጠቅላላ ዕውቀት መድበል ውስጥ፣ የቴሌቪዥኑ መርማሪ ኮሎምቦ የመጀመሪያ ስሙ «ፊሊፕ» ነው የሚል ሐሰት ሆን ብሎ አስገብቶ ነበር፤ ማን ከእርሱ እንደሚቀዳ ለመያዝ የተጠመደ ወጥመድ መሆኑ ነው። ጨዋታው ያንኑ «ፊሊፕ» እንደ ትክክለኛ መልስ ይዞ ብቅ አለ። ዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1984 ክስ መሠረተ፤ ፍርድ ቤቱ ግን የቅጂ መብት እውነታዎችን አይጠብቅም በማለት ሳይቀበለው ቀረ። ክሱ ውድቅ ቢሆንም ወጥመዱ ሠርቷል። እኔ በበኩሌ ከተዘጋጁ የጥያቄ ስብስቦች ሐሳብ እወስዳለሁ እንጂ መልስ አልወስድም፤ መልሱን የምፈልገው ጉዳዩን በቀጥታ ከሚመለከተው ቦታ፣ ስለ ሽልማት ከሆነ ከሸላሚው፣ ስለ ቦይ ከሆነ ቦይውን ከሚያስተዳድረው ነው።

ትክክለኛ የነበረ መልስ የሚያረጅበት ጊዜም አለ። የካዛኪስታን ዋና ከተማ አስታና ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ኑር ሱልጣን ተባለ፣ በ2022 ተመልሶ አስታና ሆነ፤ በመካከሉ የተዘጋጀ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው ትክክለኛውን መልስ ይሰርዛል ማለት ነው። ስዋዚላንድ ከ2018 ጀምሮ ኤስዋቲኒ ነው። ፕሉቶ ከፕላኔቶች ዝርዝር የወጣው በ2006 ነው። የሕዝብ ብዛትን በተመለከተ ህንድ ቻይናን የበለጠችው በ2023 ነው። ብዙ ጨረቃ ያላትን ፕላኔት መጠየቅ ይቻላል፤ ሳተርን ናት፤ ቁጥሩን ግን አልጠይቅም፣ በ2025 በአንድ ጊዜ 128 አዳዲስ ተመዝግበው 274 ደርሰዋልና ነገ ምን እንደሚሆን አይታወቅም። በደብተሬ ውስጥ እንዲህ ያሉትን ጥያቄዎች በቀይ ምልክት አድርጌ፣ መቼ እንዳረጋገጥኳቸው ቀኑን ጽፌ፣ በድጋሚ ከመጠየቄ በፊት አያቸዋለሁ።

ከውጭ ቋንቋ የሚተረጎሙ ጥያቄዎች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። «በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ስሞች ውስጥ የማይገኘው ብቸኛ ፊደል የቱ ነው?» የሚለው በላቲን ፊደል ለሚጽፍ ሰው ጥሩ ጥያቄ ሲሆን ለእኛ ትርጉም የለውም። ይልቁንም በራሳችን ፊደል የሚሠራ ጥያቄ ፈጠርኩ፦ «በአማርኛ ሲጻፍ ሁለት ፊደል ብቻ ያለውን የአገር ስም በሁለት ደቂቃ ውስጥ የምትችሉትን ያህል ጻፉ።» እኔ ቻድ፣ ማሊ፣ ቶጎ፣ ጋና፣ ኩባ፣ ፔሩና ቺሊ የሚሉ ሰባት ስሞች ይዤ ነበር፤ አንድ ቡድን ፊጂን ጨምሮ አሳፈረኝ። ከስድስት ዓመታት ጥያቄዎቼ ሁሉ ከፍተኛ ጫጫታ ያስነሣው ይህ ነው።

አማርኛ ሳናስበው መልስ የሚያሾልክበት መንገድም አለ፤ ግሱ ጾታን ይናገራል። «በፊዚክስና በኬሚስትሪ ሁለት የኖቤል ሽልማቶችን ያገኘችው ሳይንቲስት ማን ናት?» ካልኩ «ናት» የምትለዋ ቃል ብቻ ብዙውን ሰው ወደ ማሪ ኪዩሪ ትመራዋለች። «ያገኙት ሳይንቲስት ማን ይባላሉ?» ስል ግን አክብሮቱም ይጠበቃል፣ ምሥጢሩም አይወጣም። ሽልማቶቹ እ.ኤ.አ. በ1903 እና በ1911 የተሰጡ ናቸው። ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ «ማን ናቸው» እና «እነማን ናቸው» የሚሉት ስንት ስም እንደሚጠበቅ ይናገራሉ፤ ስለዚህ መልሱ ሁለት ሰዎች ከሆኑ ይህንን በግልጽ ብናገር እመርጣለሁ።

የዘመን አቆጣጠርን ነገር የተማርኩት በራሴ ውርደት ነው። «ሰው ጨረቃን የረገጠው በስንት ዓመት ነው?» ብዬ ጠይቄ፣ መልሴ 1969 ነበር። አንድ ቡድን 1961 ብሎ ጻፈ። ሰረዝኩና፣ አዋቂ ለመምሰል፣ «1961 ዩሪ ጋጋሪን ወደ ጠፈር የወጣበት ነው፤ ሁለቱን አምታታችኋቸው» ብዬ ማብራሪያ ጨመርኩ። በቡድኑ ውስጥ የነበሩ አንዲት ትልቅ ሴት ረጋ ብለው «ልጄ፣ እኛ የጻፍነው በኛ አቆጣጠር ነው» አሉኝ። ጁላይ 20 ቀን 1969 ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው፤ ጋጋሪን የበረረበት ኤፕሪል 12 ቀን 1961 ደግሞ በእኛ 1953 ነው። ይቅርታ ጠይቄያቸው ነጥቡን መለስኩ፤ እርሳቸውም እስከ ምሽቱ መጨረሻ «በማን አቆጣጠር?» እያሉ ሲቀልዱብኝ አመሹ። አሁን ዓመት የሚጠይቅ ጥያቄ ሁሉ አቆጣጠሩን ራሱ ውስጥ ይይዛል፤ በወረቀቱ አናት ላይም አስጽፈዋለሁ።

ስለ ዙሮች ዓይነት ብዙ የምለው የለኝም። እውነት ወይስ ሐሰት የሚለውን ትቼዋለሁ፤ ሳንቲም እየወረወረ የሚመልስ ሰውም ከስምንቱ አራቱን ያገኛልና። የሙዚቃ ዙር ጥሩ ነው፣ ድምፅ ማጉያው አስቀድሞ ከተሞከረ። በቅደም ተከተል ማስቀመጥ በጣም ይሠራል፦ የሱዌዝ ቦይ መከፈት (1869)፣ የቤል የስልክ ፈጠራ መብት (1876)፣ የአይፍል ማማ (1889)፣ የራይት ወንድማማቾች በረራ (1903)፣ የፓናማ ቦይ (1914)፤ ዓመቱን አንዱንም ሳያውቁ በማመዛዘን ብቻ ሙሉ ነጥብ ያገኙ ቡድኖች አይቻለሁ። የሥዕል ዙር ካለ ወረቀቱ በቀለም መታተም አለበት። ይህን የምለው አንድ ጊዜ ስምንት ሰንደቅ ዓላማዎችን በጥቁርና ነጭ አትሜ ስላደልኩ ነው። አየርላንድና አይቮሪ ኮስት ግራጫ ሆነው ተመሳሰሉ። ምሽቱን ለማትረፍ የአገሮቹን ስም ነግሬ፣ ቀለሞቹን ከግራ ወደ ቀኝ እንዲጽፉ ጠየቅሁ፤ ያሰብኩት ዙር ከሚሆነው በላይ አስቸጋሪና አዝናኝ ሆነ። በቀለም ቢታተሙ እንኳ ቻድንና ሮማኒያን ወይም ሞናኮንና ኢንዶኔዥያን ማቅረብ ተገቢ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ የሚለያዩት በሰማያዊው ጥቂት መጥቆር፣ ሁለተኛዎቹ ደግሞ በጨርቁ ስፋት ብቻ ነው። «ሁሉም ሰው የሚሳሳተው» ዓይነት ጥያቄም፣ ለምሳሌ አይንሽታይን የ1921 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ሳይሆን በፎቶ ኤሌክትሪክ ክስተት ላይ በሠራው ሥራ መሆኑ፣ በአንድ ዙር ከአንድ በላይ ከሆነ ተጫዋቹ በየጥያቄው ወጥመድ መፈለግ ይጀምርና ቀላሉንም ይስታል።

ሲነበብ እያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ጊዜ፣ ዙሩ ሲያልቅ ደግሞ ስምንቱም አንድ ጊዜ ይነበባሉ። ወረቀቱን ጎረቤት ቡድን ያርመዋል፤ መልሱም በዚያው ዙር መጨረሻ ይነገራል እንጂ ለምሽቱ መጨረሻ አይቆይም፣ ምክንያቱም ሰው ለመከራከር የሚፈልገው ጥያቄው ገና ትኩስ ሳለ ነው። ለፊደል ግድፈት ነጥብ አልቀንስም፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ወይም ሰ እና ሠ ለእኔ እኩል ናቸው፤ የውጭ ስምም ሲነበብ ድምፁ ከመጣ ይበቃል። ዳኛው የወሰነው በዚያ ምሽት ይጸናል፤ ስህተት ሆኖ ከተገኘ ግን በሚቀጥለው ስብሰባ መክፈቻ ላይ እኔው ራሴ እናገራለሁ። ስልኮች ከጠረጴዛው መሀል ተደርድረው ፊታቸውን ወደ ታች ይቀመጣሉ፤ ይህን በመጀመሪያው ደቂቃ እንጂ ሰው ሲኮርጅ ከተያዘ በኋላ መናገር ያስቀይማል።

ሦስተኛው ዙር ላይ ወደኋላ የቀረ ቡድን ተስፋ እንዳይቆርጥ፣ እያንዳንዱ ቡድን ነጥቡ እጥፍ የሚሆንለትን አንድ ዙር ጨዋታው ሳይጀመር እንዲመርጥ አደርጋለሁ። እኩል ከወጡ ደግሞ መለያው ጥያቄ ማንም በቃሉ የማይዘው፣ ነገር ግን ሊገመት የሚችል ቁጥር መሆን አለበት፤ የቀረበ ያሸንፋል። በአንድ ምሽት ሁለት ቡድኖች በ31 ነጥብ እኩል ሲሆኑ፣ ከራይት ወንድማማቾች የመጀመሪያ በረራ እስከ ጨረቃ ማረፍ ስንት ቀን አለ ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ቡድን 66 ዓመትን በ365 አባዝቶ 24,090 ካገኘ በኋላ «ጥቂት ጨምሩበት» ተባብሎ 24,100 ጻፈ፤ ሌላው 23,400 አለ። ከዲሴምበር 17 ቀን 1903 እስከ ጁላይ 20 ቀን 1969 ያለው 23,957 ቀን ስለሆነ የመጀመሪያው በ143 ቀን ልዩነት አሸነፈ። አንድ ጊዜ የተሰላ መለያ ለዚያው ሰዎች ዳግም አያገለግልምና ከደብተሬ ሰርዤዋለሁ። በእርሱ ቦታ የገባው የሱዌዝ ቦይ ከተከፈተበት ከኖቬምበር 17 ቀን 1869 እስከ ፓናማ ቦይ መከፈቻ ኦገስት 15 ቀን 1914 ያለው ጊዜ ሲሆን መልሱ 16,341 ቀን ነው፤ በጥንቃቄ የሚቆጥር ሰው 1900 ፌብሩዋሪ 29 ያልነበረው ዓመት መሆኑን ከዘነጋ በአንድ ቀን ይስታል።